ሦስተኛዋ መፍጫ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

መፍጫዋ ዛሬም ቆመች። በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ጢም ባለበት። ሦስት ቁንዶ በርበሬ ጥብስ ታዟል፤ አያንቱ ጓዳ ሆና "ዓለሜ፣ ሳይቀዘቅዝ" ትለኛለች። እኔ ደንበኛው አጠገብ ቆሜ የመፍጫዋን አናት እጠመዝዛለሁ… ክርር… ክርር… ከዚያ ጭጭ። አንድ ፍሬ አልወረደም። ሰውየው ሽቅብ ያየኛል። ምን ያያል? ጓዳ ሮጬ በሙቀጫ ወቅጬ በማንኪያ በተንኩለት። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ አልኩ።

ይቺ ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋ ፕላስቲክ ነበረች፣ ሁለት ወር ሠርታ ዘንጓ ተጠመዘዘ። እሷስ ትሁን፣ ርካሽ ናት። ይቺ ግን ሆዷ መስተዋት፣ ጥርሷ ብረት፣ ኪብሮም ከሱቁ "ዓመታት ታገለግልሻለች" ብሎ ምሎ የሰጠኝ ናት። አምስት ሳምንት ሆናት። በኪብሮም ቤት አምስት ሳምንት ዓመታት ይባላል?

ሌላ ቤት ቢሆን ተፈጭቶ የሚሸጠውን ነስንሶ ይገላገል ነበር። እዚህ ካንሳንጋ ሰፈር ውስጥ ግን እኛ የምንታወቀው በዚሁ ነው፤ ቁንዶ በርበሬውን ደንበኛው ዓይን ስር፣ ጥብሱ እየተንጨሰጨሰ፣ እላዩ ላይ መፍጨት። ሐሳቡ የአያንቱ ነው። ከገበያ የሚመጣው ዱቄት በሳምንቱ ሽታው ይጠፋል፣ የፓፓያ ፍሬም ይቀላቅሉበታል ይባላል። በኤሌክትሪክ እንዳንፈጨው መብራቱ አይታመንም፣ ደግሞ ትቢያ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ የእጅ መፍጫ። ይህን ያህል ብርቅ ነገር ነው? ለአንድ ሥራ ብቻ ተሠርታ ያንኑ አንድ ሥራ የማትሠራ ዕቃ።

ማምሻውን አያንቱ ሽርጧን እየፈታች "ወይዘሮ ሔሊና ደግመው ደወሉ" አለችኝ። ኮሎሎ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ያሉት ሴትዮ። ድሮ እሳቸው ቤት ነበር ምግብ የምታበስለው። አሁን እዚያው ኮሎሎ ትልቅ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው፣ ዋና ወጥ ቤት ሆነሽ ነይልኝ ይሏታል። እስከ ሐምሌ 30 መልስ ይፈልጋሉ።

"ምን አልሻቸው?"

"አስብበታለሁ አልኳቸው።"

ታስብበት። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷ መጥበሻው ላይ፣ እኔ ደንበኛው ላይ። ሁለታችንም ስደተኛ፣ ሁለታችንም ዘመድ የለን፣ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች አብረን እናድራለን። እሷ ከሄደች ምን ልሸጥ ነው? ቁጣዬን? ይሄ ቤት ያለ እሷ እጅ ሁለት ወር አይቆምም፣ አውቀዋለሁ። "ጥሩ ነው" አልኳት።

መፍጫዋን ፈታትቼ በፈላ ውሃና በሳሙና አጥቤ ደፋኋት። ነገ ረቡዕ ነው። አያንቱ ጴንጤ ናት፣ ረቡዕና ዓርብ አትጾምም፤ ለማይጾመው ደንበኛ ሥጋውን ትጠብሳለች። ይሁን። ግን ቀኑን ሙሉ በሥጋና በቅቤ እጅ ስትጨበጥ የዋለችውን መፍጫ በጾም ፓስታ ላይ አላዞርም። ዘወትር ማክሰኞና ሐሙስ አጥባታለሁ። ይህን እንኳ ማንም አይሠራልኝም።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ኪብሮም ሱቅ ሄድኩ። መፍጫዋን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። አልሰጠሁትም፣ ጣልኩለት።

አነሳት፣ አየት፣ በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ኤርትራዊ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ቀስ ማለቱ ራሱ ያናድደኛል።

"እንዴት ነው የምትይዟት?"

"እንደ ሰው።"

"እንደ ሰው አትይዟት፣ እንደ ዕቃ ያዟት" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳቁን ዋጠና ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ አወረደ። ዘንድሮ አንገቴን ለመፍጫ እሰጣለሁ መሰለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መረጥኩ። አንዷ አካሏ ያምራል፣ ስፈታት መሐሏ የገባው ዘንግ ፕላስቲክ ነው፤ ዘንጉ ፕላስቲክ ከሆነ በጠነከረ ፍሬ ይጠመዘዛል፣ የመጀመሪያዋ የሞተችው በዚህ ነው። ተውኳት። አንዷ ጥርሷ ሴራሚክ ነው፣ ነጭ፣ እንደ ስኒ። ጥሩ ትመስላለች፤ ኪብሮም ራሱ "እጅሽ ላይ ካመለጠች ትሸረፋለች" አለኝ። የእኛ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ እኔም እጄ ፈጣን ነው። ተውኳት። ሦስተኛዋ እንጨት፣ ከበድ ያለች፣ ዘንጓም ጥርሷም ወፍራም ብረት። ባዶዋን አዞርኳት፤ አትፋጭም። ፍሬ ጨምሬ አናቷ ላይ ያለችውን ብሎን ጠበቅ አደረግኩ፣ ደቀቀ። ላላ አደረግኩ፣ ሸካራ ወጣ። ሽታው ሱቁን ሞላው።

"ይቺ ካልቆየች ሱቄን እዘጋለሁ" አለኝ።

ትዘጋለህ። እኔ ራሴ መጥቼ ነው የምዘጋው።

ቤት ስገባ አያንቱ ወደደቻት። እጇ ውስጥ እያገላበጠች "ክብደቷ ደስ ይላል" አለች። ያለችው ይሄን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሌላ ያወራነው ነገር የለም። ስለ ኮሎሎም አልጠየቅኳት። ለምን ልጠይቃት? ብትፈልግ ትንገረኝ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ላንድሎርዷ፣ አከራያችን፣ መጣች። ከኋላ ያለውን ግቢ በጡብ ልታስነጥፈው ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለውን ሁሉ አንሱ አለች። "ያለው ሁሉ" የምትለው የአያንቱን አበባ ነው። ግላዲዮለስ፣ ቀይና ነጭ፣ ግንቡን ተከትሎ ዳር እስከ ዳር። ከሥሩ ሽንኩርት የሚመስል ነገር አለው፤ እኛ የአበባ ሽንኩርት ነው የምንለው።

ከስምንት ዓመት በፊት አያንቱ የኮሎሎውን ሥራ ትታ ከእኔ ጋር ይሄን ቤት ስትጀምር ወይዘሮ ሔሊና "መሄጃሽ ነው፣ ምን ልስጥሽ?" ሲሏት "ከግቢው የአበባ ሽንኩርት ቆፍሬ ልውሰድ" አለቻቸው። ሰው ያን ጊዜ ሌላ ነገር ይጠይቃል። እሷ አንድ ከረጢት አፈር ይዛ መጣች። ያኔ ሳቅኩባት። አሁን ግን ያ ግንብ ያለ አበባው ምን ሊመስል ነው…

ላንድሎርዷ ላይ ጮኼባታለሁ። ኪራይ በሰዓቱ እየከፈልን፣ አንዲት ዛፍ እንኳ የሌለበት መንደር ውስጥ ያለችውን አረንጓዴ ነገር ጡብ ታለብሻለሽ? በእንግሊዝኛ መቆጣት አልችልም፣ ግማሹ በአማርኛ ወጣ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች።

አያንቱ ግን "ቆፍረን እናወጣቸዋለን፣ አይሞቱም" አለች። በቃ። የራሷ አበባ። እኔ የምቃጠለው ለማን ነው ታዲያ? ወይስ ልቧ አስቀድሞ ኮሎሎ ገብቷል?


እሁድ፣ ሐምሌ 13

አያንቱ ከቸርች መልስ ልብሷን ቀይራ ቁፋሮ ገባች። በእጅ አካፋ፣ ቀስ እያለች፣ ከግንዱ ራቅ ብላ ዙሪያውን እየቆፈረች። ግንዱን ቆረጠች፣ አፈሩን በጣቷ አራገፈች። ስልሳ ገደማ ወጡ። አንዳንዱ እንደ ነጭ ሽንኩርት ራስ ትንሽ፣ አንዳንዱ የቡጢ ግማሽ።

ከዚያ ምን አደረገች? ዕቃ ቤት ወስዳ ጋዜጣ ላይ ዘረጋቻቸው። ከነአፈራቸው። ሽሮው አጠገብ። የወጥ ሽንኩርት ጆንያው አጠገብ።

"እዚህ ምግብ ነው የሚቀመጠው" አልኳት።

"ጥግ ላይ ናቸው። አየር ያለው እዚህ ብቻ ነው። እንዳትነኪያቸው ብቻ፣ ዓለሜ። ወይዘሮ ሔሊና ቤት የነበረው አትክልተኛ ሲነግረኝ…"

"ደግሞ ኮሎሎ" ብዬ ትቻት ወጣሁ።

እውነቴን ነው። ቀን ኮሎሎ፣ ማታ ኮሎሎ። የኮሎሎ አትክልተኛ ቃል ከእኔ ቃል ይበልጣል። ጤና ጥበቃ መጥቶ አፈር ቢያይ የሚቀጣው አትክልተኛውን ነው? በወረቀት "ሽንኩርት አይደለም" ብላ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ቆንጆ ጽሕፈት አላት፣ ይሄም አናደደኝ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

አዲሷ መፍጫ ግሩም ናት። ዛሬ አሥራ አንድ ጥብስ ላይ አዞርኳት። ሳህሉ፣ ታክሲ የሚነዳው ደንበኛችን፣ "ይቺ ደግሞ ድምፅዋ እንደ ድሮ ዶጅ መኪና ሞተር ነው" አለ። ደስ አለኝ።

ከመዝጋታችን በፊት ስፈታታት አያንቱ አየችኝ።

"አትጠቢያት ባክሽ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊያት፣ ይበቃታል። ወይ ሁለት እንግዛ፣ አንዷ የጾም ትሁን።"

ሁለት እንግዛ። አንዷን ለማግኘት ደም ተፍቼ።

"ጾሜን እኔ አውቃለሁ" አልኳት።

እጇን አነሳች፣ እሺ እንደ ማለት። የጀመረችው ሌላ ነገር ነበር መሰለኝ፣ ተወችው። ጾም ለእሷ ቀላል ነገር ነው። የማይጾም ሰው ሁሌም ለጾመኛ አቋራጭ ያውቅለታል። በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብኳት፣ ነገሩ እንዲገባት።


ዓርብ፣ ሐምሌ 18

መፍጫዋ ቃጭ ቃጭ ማለት ጀመረች። ገና ስምንተኛ ቀኗ ነው። ማን ነው የሚያበላሽብኝ?


እሁድ፣ ሐምሌ 20

ማንም የለም ከሁለታችን ሌላ። እኔ አይደለሁም። እኔ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት፣ የማጥባት እንኳ እኔ ነኝ። እንግዲህ ማን ይቀራል? አያንቱ ጓዳ ውስጥ ስትጣደፍ የመፍጫዋን አናት በኃይል ስትጠመዝዝ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። ግን ሆን ብላ? አያንቱ እኮ ናት… ልትሄድ የተነሳች ሰው ግን ስለ ዕቃ ምን ገዶት።

እንዲህ ማሰብ አልፈልግም። ግን አስባለሁ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

ምሳ ላይ መፍጫዋ ጨርሳ ተቆለፈች። የሳህሉ ጥብስ ላይ። ወደዚህ ባዞራት፣ ወደዚያ ባዞራት፣ ወይ ፍንክች። አያንቱ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፣ እጇ ቅቤ በቅቤ፣ ዘረጋችልኝ።

"አምጪያት እስኪ።"

ወደ ኋላ ሸሸሁ። "የጨረስሻት በዚሁ እጅሽ ነው" አልኳት።

"እጄ ምን ሆነ?"

"ሆን ብለሽ ነው። አንቺ ልትሄጂ ነው፣ ቤቱ ይፍረስ ነው።"

ሰው ሁሉ መብላት አቁሟል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ዓለሜ፣ ረጋ በይ። ዛሬ ጠዋት እኮ ወይዘሮ ሔሊናን…" ስትል "የሴትዮዋን ስም እዚህ ቤት አታንሺብኝ" አልኳት። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ምላሴ ግን አላቆመም።

"ጾም የማያውቅ እጅ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከኋላሽ እየተከተልኩ ሳጥብ የኖርኩ እኔ ነኝ።"

እንዲህ አልኩ። ቃል በቃል ነው የምጽፈው፣ በኋላ ሌላ ነው ያልኩት እንዳልል።

ሳህሉ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። "ዓለምሸት፣ ይብቃ" አለኝ። አያንቱ እጇን አየችው። በውስጥም በውጭም ገልብጣ አየችው። ከዚያ ጓዳ ገባች። ወዲያው ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ የቀሩትን ሁለት ትዕዛዝ ጠብሳ አወጣች፣ ጨውም አላጎደለችም። ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ትንሽ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ኪሱጉ ሰፈር፣ የቸርች ጓደኛዋ ዘንድ መሆን አለበት፣ ሌላ መሄጃ የላትም።

በሩ ላይ አንድ ነገር ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ… መንገዱን ተሻግራ ሄደች።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

አልመጣችም። ስልኳ ይጠራል፣ አታነሳም። ጥብስ የለም ብዬ ሰው መለስኩ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

መልእክት ላከች። "እስከ ሠላሳ ድረስ ልረፍ። ያን ቀን መልሴን እነግርሻለሁ።" ሰላምታ የለው፣ ዓለሜ የለው።

ስድስት ቀን አለኝ ማለት ነው። ምን ላድርግ? ይቅርታ ብዬ ልጻፍላት? ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ስጽፈው ሁሉ መሐሉ ላይ "አንቺም ግን" የሚል ይገባብኛል።

ቀኑን ሙሉ ስንጎራደድ ዕቃ ቤት ገባሁ። አበባዎቿ ጋዜጣው ላይ አሉ፤ አፈር እንደ ቅርፊት ደርቆባቸዋል፣ ቆሻሻ፣ ምስኪን። አንድ ነገር ልሥራላት አልኩ። ሰፌድ ሙሉ እያደረግኩ ቧንቧ ስር ወሰድኳቸው፤ አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ሲጠሩ እንዴት ያምራሉ… አዲሱን ባለ ክዳን ባልዲ አውጥቼ ከተትኳቸው፣ አይጥም እንዳይነካቸው ግጥም አድርጌ ከደንኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀቷን ነቅዬ ባልዲው ላይ ለጠፍኩት።

ስትመጣ ታየዋለች። በአፌ ያልቻልኩትን በእጄ ሠራሁት። ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ ነው የተነፈስኩት።


እሁድ፣ ሐምሌ 27

ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ የጡብ ሠራተኞቹን አገኘሁ። በእሁድ። አፈሩን ገለባብጠውታል። ተቆጥቼ ልናገራቸው አልኩና ትቼ ገባሁ።

ሳህሉ መጥቶ ሽሮ በላ። ሲወጣ "ደውይላት" አለኝ። አውቃለሁ መደወል እንዳለብኝ። ምን እንደምላት ነው የማላውቀው።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

መፍጫዋን ካትዌ ወሰድኳት፣ ብረታ ብረት የሚሠሩበት ሰፈር። ኪብሮም ዘንድ ከመሄዴ በፊት ማስረጃ ልያዝ ብዬ ነው። ዕቃው መናኛ ነው ብሎ አንድ ባለሙያ ይንገረኝና ያን ሱቅ አዘጋዋለሁ። በቦዳ፣ በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ አቧራ እየቃምኩ ሄድኩ።

ባለሙያው ሽማግሌ ሰውዬ ናቸው፣ ሁሉ ሙዜ፣ አባባ እንደ ማለት፣ ነው የሚላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈቷት። ጥርሷን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ፤ ቀይ ዱቄት ወረደ። ዝገት። ፍሬው በዝገቱ ላይ ጭቃ ሆኖ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል።

"ዕቃው መጥፎ ነው አይደል?" አልኳቸው።

"ዕቃው በጣም ጥሩ ነው። ውሃ የሚያጠጣት ማን ነው?"

እጄን ወደ መፍጫዋ ሰደድኩ። ደግመው ጠየቁኝ።

"እኔ" አልኩ። "በሳምንት ሁለት ጊዜ። በፈላ ውሃ።"

ሳቁ፣ ለክፋት አይደለም። ይሄ ብረት ለቁንዶ በርበሬ የጠነከረ ነው፣ ውሃን ግን አይችልም አሉኝ፤ እንጨቱም ይነፋል፣ ዘንጉን ይይዛል። ሲቆሽሽ በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፣ ሽታው ካስቸገረ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፈጭቶ መድፋት፣ ከውጭ በጨርቅ መጥረግ። በቃ። አሸት አሸት አድርገው፣ ዘይት በላባ ቀብተው፣ ጠርገው ሰጡኝ። ዞረች። እንደ መጀመሪያው ቀን ዞረች።

ቦዳው ላይ ሆኜ ፊቴ ይቃጠላል። ይቺን ብቻ አይደለም፣ የመስተዋቷንም እኔ ነኝ የገደልኳት። ኪብሮምን ሰድቤዋለሁ። አያንቱ በግልጽ አማርኛ "አትጠቢያት" ብላኛለች፤ እኔ የሰማሁት ጾሜን ስትንቅ ነው። "ሁለት እንግዛ" ብላኛለች። የእኔን ጾም ያሰበችልኝ እሷ ነበረች እኮ። ከኋላዋ እየተከተልኩ ሳጥብ… አዎ፣ ሳጥብ። እግዜር ይይልኝ ይቺን ምላሴን።

በሩን ስከፍት አንድ ነገር ልቤን መታኝ። ውሃ። ሮጬ ዕቃ ቤት ገባሁ፣ ባልዲውን ከፈትኩ።

ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። ነጭ ሻጋታ ለብሰዋል፣ እንደ ጥጥ። ያነሳሁት ሁሉ ጣቴ ስር ይቀልጣል። ከደንኩ፣ እንደገና ከፈትኩ፣ ሌላ ነገር የማይ ይመስል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ሁለት ይዤ ሮጥኩ። አየችና ራሷን ነቀነቀች። አይታጠብም፣ አይከደንም አለችኝ። አፈሩ ራሱ ሲደርቅ ይራገፋል፤ ጥላ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘርግቶ፣ አሮጌውን ሥር ነቅሎ፣ በመረብ ከረጢት ነፋስ የሚያገኘው ቦታ መስቀል ነው። አሁን የላሸቀውን ጣይ፣ ጠንካራውን ለይተሽ አድርቂ፣ የተነካካውን አመድ አስነኪው። እንዲህ አለችኝ። ይሄኔ አያንቱም እኮ ይሄንኑ ልትነግረኝ ነበር። "አትክልተኛው ሲነግረኝ…" አለች፣ "ደግሞ ኮሎሎ" ብዬ ወጣሁ።

ከስልሳው አሥራ አራት ተረፉ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ኪሱጉ ሄድኩ። አሥራ አራቱን በሽንኩርት መረብ ይዤ። መንገድ ላይ የምለውን ስለማመድ ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ የመጀመሪያው ቃሌ ምን ሆነ?

"ስልክ ለምን አታነሺም?"

አየችኝ። "ግቢ" አለችኝ።

ጓደኛዋ ሥራ ናት፣ ብቻዋን ምስር እየለቀመች ነበር። ከስታለች። መረቡን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

"የቀሩትስ?"

"በሰበሱ። አጥቤ ባልዲ ውስጥ ከደንኳቸው።"

"ለምን?"

"ልታረቅሽ ብዬ።"

አንዱን በመረቡ ላይ በጣቷ ጫን አደረገችው። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቅ ከተባለ። "አንቺ ስትታረቂም ታበላሻለሽ" አለችኝ።

የመፍጫዋንም ነገርኳት። ካትዌን፣ ዝገቱን፣ የሙዜውን ጥያቄ፣ ሁሉንም። "ነግሬሽ ነበር" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አላለችም። ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ይቅርታ አልኳት። "አንቺም ግን" የሚል ሳልጨምርበት፣ ይቅርታ ብቻ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"እምቢ ብያቸው ነበር እኮ" አለች።

"ማንን?"

"ወይዘሮ ሔሊናን። ያን ማክሰኞ ጠዋት። እህቴን ጥዬ አልመጣም አልኳቸው። ማታ ግን እኔው ራሴ መልሼ ደወልኩላቸው፣ እመጣለሁ ብዬ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጀምሬልሽ ነበር፣ ዓለሜ። አላስጨረስሽኝም።"

እሷ እጄን ያዘች እንጂ እኔማ የምይዘው አላገኘሁም። "ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ። "እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ቂም የለኝም። ቁጣሽን ለምጄዋለሁ፣ ዝናብ ነው እለው ነበር፣ ያልፋል። ሰው ፊት እጄን ስትጸየፊው ግን… አየሁት እኮ ያን ቀን። እስካሁንም ሥጋ ስከትፍ አየዋለሁ። እዚያ ጓዳ ገብቼ እንደ ድሮው መሥራት አልችልም።"

ለምኛታለሁ። እንዴት እንደለመንኩ አልጽፈውም። የጾም መፍጫ ለብቻ እገዛለሁ፣ ደንበኛው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፣ አልኳት። እያለቀሰች አይሆንም አለች። ስወጣ መረቡን መስኮቱ ላይ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ሰቀለችው።

ስመለስ ማንን ልቆጣ? ላንድሎርዷን? ኪብሮምን? ቦዳው መንገድ ሲስት እንኳ አልተናገርኩም።


ነሐሴ 6

ፍልሰታ ገብቷል። ቤቱ ጾም ብቻ ነው የሚሸጠው፣ በዚህ ተደብቄያለሁ። ፍስክ ሲሆን ምን ልል ነው? ኪብሮም ሱቅ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። "እኔም መጀመሪያ ስሸጥልሽ ውሃ አታስነኪ ማለት ነበረብኝ" አለኝ። ሰው ሁሉ ለምን ደግ ይሆንብኛል?


ነሐሴ 11

ሳህሉ አያንቱን ኮሎሎ አድርሷት መጣ። ነጭ የወጥ ቤት ልብስ ለብሳለች አለኝ፣ ሦስት ሰው በሥሯ ነው። ደስ ብሏታል? አልኩት። "ጠየቅኳት፣ ደህና ነኝ አለችኝ" አለ። ሌላ አልጠየቅኩትም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ጾሙ ተፈትቷል። ዘውዲን ቀጥሬያለሁ፤ የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ጎልማሳ፣ ጥብሷ ደህና ነው። የአያንቱ አይደለም። ደንበኛው ግማሹ ቀርቷል፣ ግማሹ ይመጣል። ወሩን እንደምንም እገፋዋለሁ፣ የሚቀጥለውን አላውቅም።

ጠዋት ጓዳ ስገባ ዘውዲ እርጥብ ጨርቅ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አንጥፋ፣ በላዩ መክተፊያውን አስቀምጣ ሥጋ ትከትፋለች። ውሃው ከጨርቁ ጠብ ጠብ ይላል። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። አፌን ከፈትኩ። የምለው ሁሉ ምላሴ ላይ ተደርድሯል፤ ማን አስተማረሽ፣ ቤቴን አበሰበስሽው፣ እዚህ ቤት ውሃ…

ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ "ዘውዲ፣ ይሄ ጨርቅ ለምንድነው?" አልኳት። ቀስ ብዬ። ልወቅሳት አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ቀና አለች። "መክተፊያው እንዳይንሸራተት ነው። አንድ ቤት ስሠራ ተንሸራትቶብኝ…" አለችና ግራ እጇን አሳየችኝ፤ የሌባ ጣቷ ጫፍ የለም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነገረችኝ፤ ረጅም ነው። ቆሜ ሰማኋት። "ጥሩ አድርገሻል" አልኳት።

ከኋላ ወዳለው ግቢ ወጣሁ፣ ጡቡ ላይ፣ ሁለት መኪና መሐል። ቆሜ አለቀስኩ። ይሄን ያህል ቀላል ነው? አንድ ጥያቄና መልሱ እስኪያልቅ መጠበቅ? ከመጣች አምስት ቀን ለሆናት ሴት አደረግኩት። አያንቱንም "ለምን" እላት ነበር፣ ስንት ጊዜ፣ ግን ሁሌ ለመውቀስ ነው። መልሱን ለመስማት ብዬ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።